የመንደራችን የለም ባይ

የመንደራችንን ስም አልነግራችሁም። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ለእንግዳ ሰው የመንደሩን ስም መናገር፣ ልጅ ተወለደ ማለት፣ ዘንድሮ ወይራው ፍሬ ያዘልን ማለት ትልቅ ነውር ነበር። መንገደኛ ከምንጩ ጠጥቶ "ይህ አገር ማን ይባላል?" ቢል መልሱ አንድ ነው፤ "ምን አገር አለ ጌታዬ፣ ድንጋይና እሾህ ነው እንጂ።" ይህን የሚመልሰው ደግሞ ያገኘ ሁሉ አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የሚሾም ሰው አለን። ሹመቱ "የለም ባይ" ይባላል። አያቴ የለም ባይ ነበር። አባቴም እንደዚያው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሹመቱ ወደ እኔ ወደ ዙህዲያ ወረደ። ሌላው አገር ለሴት ልጅ ጌጥ ያወርሳል፤ እኔ የወረስኩት "የለም" ማለትን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በባለ ጺሞቹ መንግሥት ዘመን ነው። ባለ ጺሞቹ ሲመጡ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነበር፤ የወይራ ዘይትና ወንድ ልጅ። ዘይቱን ከየጋኑ ያስገለብጣሉ፤ ወንዶቹን ደግሞ እነሱ ራሳቸው የት እንዳለ በቅጡ ወደማያውቁት ጦርነት ይነዷቸዋል። ዘይት በዓመቱ ይተካል። ልጆቹ ግን ሄደው ቀሩ። በዚህ የተንገሸገሹ ሽማግሌዎች አውድማ ላይ ተቀምጠው መከሩና አንድ ብልሃት አመጡ። ብልሃቷን ያመጣት ሰውዬ ዛሬ በሕይወት ቢኖር የምጠይቀው ብዙ ነገር ነበረኝ።

ኮረብታችን ውስጡ ዋሻ ነው። ከየቤቱ ወለል ሥር ዋሻ አለ፤ ዋሻውም ከዋሻ ይገናኛል። መንግሥት ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ከነፍየሉ፣ ከነዶሮው፣ ከነሕፃኑ ወደ ዋሻ ይገባል። ብልሃቷ ይህችው ናት። ቤቶቻችንን ከውስጥ በኖራ እንቀባለን፤ ከውጭ ግን ግድግዳውን ሸራርፈን፣ ጣሪያው ላይ እሾህ አብቅለን የጥንት ፍርስራሽ እናስመስላቸዋለን። ደጃፉን አሳምሮ የሠራ ሰው ይቀጣል። ከሁሉ ከፍ ባለው ጣሪያ ላይ አንዲት ሴት ትቀመጣለች፤ አቧራ ካየች ቀይ ምንጣፍ ታራግፋለች። ምንጣፉ ሲራገፍ የምታቦካው ሊጧን እንደያዘች፣ የሚላጨው በግማሽ ጺሙ ይሰወራል። ውጭ የሚቀረው የለም ባዩ ብቻ ነው። እሱ ምንጩ አጠገብ ከአንድ የከሳ አህያ ጋር ይቀመጣል። ለእንግዳው ውሃ ያቀርባል። ዳቦ አያቀርብም፤ ዳቦ ካለ መጋገሪያ አለ፣ መጋገሪያ ካለ ሴት አለች ይባላላ። ቤቱስ? ፍርስራሽ ነው። ወይራውስ? ራሱ የበቀለ ነው። አንተስ? መንገደኛ ነኝ ጌታዬ፣ አህያዬ ደክማብኝ ነው።

እንግዶቹ ኮረብታውን ሲሻገሩ የለም ባዩ "ሄዱ!" ብሎ ይጣራል። ያን ጊዜ ሁሉም ይወጣል። ከእሱ አፍ ካልሰሙ የገዛ እናታቸው ብትጠራቸው አይወጡም። ስለዚህ የሹመቱ ሕግ አንዲት ናት፤ የለም ባይ በምድር ላይ ያለውን መንግሥት ሁሉ መዋሸት ይችላል፣ መንደሩን ግን አይዋሽም። አባቴ ይህችን ሕግ ከጸሎት አስቀድሞ ነው ያስተማረኝ።

ባለ ጺሞቹ እንደ ማንኛውም መንግሥት "ለዘላለም" እያሉ ወደቁና ባለ ቁምጣዎቹ መጡ። ባለ ቁምጣዎቹ ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ ተሸክመው ኮረብታ ለኮረብታ የሚዞሩ፣ ፀሐይ ያቀላቸው ሰዎች ነበሩ። ፍርስራሽ ይወዳሉ። ሰው ያለበት ቤት ሲያዩ ያዛጋሉ፤ የወደቀ ግድግዳ ሲያዩ ቆባቸውን ያወልቃሉ። አያቴንማ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩት። ይህን ግንብ ማን ሠራው ሲሉት አፉ ላይ የመጣለትን ንጉሥ ስም ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ያመሰግኑታል። በመጨረሻ ሹማቸው ጥሩምባ እያስነፋ መጥቶ "ስለ እውነተኛ ምስክርነት" የሚል ሜዳይ ደረቱ ላይ አንጠለጠለለት። ከእግራቸው ሥር ባለው ዋሻ መንደሩ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ጥሩምባውን ያዳምጥ ነበር።

ይህን ሲያወሩ የመንደራችን ሰዎች እስከ ዛሬ ይስቃሉ። እኔን አያስቀኝም። "አለን" ያሉ ጎረቤት መንደሮች ግብር ከፈሉ፣ ተማረሩ፣ ተሳደቡ፤ ግን መንገድ ወጣላቸው፣ ትምህርት ቤት ተሠራላቸው፣ ሐኪም ተመደበላቸው። የእኛ ልጆች ፊደል ለመቁጠር ወደ እነሱ እየሄዱ "የማን ልጅ ነህ?" ሲባሉ የሌላ ሰው ስም ይጠሩ ነበር። ታላቅ እህቴ በትኩሳት ስትነድድ አንድ የባለ ቁምጣዎቹ ሐኪም በበቅሎ ምንጩ ድረስ መጥቶ ነበር። "እዚህ አካባቢ በሽተኛ አለ?" ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ የለም አለው። ሐኪሙ ከነመድኃኒቱ ሄደ፤ እህቴም በሦስተኛው ቀን ሄደች። አባቴ ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም፤ ሹመቱን ግን አልተወም። ሕግ ሕግ ነው ይል ነበር። እኔን ግን ያ ነገር ዛሬም ያቃጥለኛል።

ባለ ቁምጣዎቹም በተራቸው ሄዱና ባለ ጥቁር መነጽሮቹ መጡ። እነዚህ ዘይት አልፈለጉም። ወንድ ልጅም አልፈለጉም። የፈለጉት ባዶ ቦታ ነበር። እንግዲህ ባዶ ቦታ ብቻ የሚፈልግ መንግሥት ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ሌላውን መንደር ባዶ ለማድረግ ብዙ ልፋት ጠይቋቸዋል። እኛ ግን ከሦስት ትውልድ ጀምሮ ተዘጋጅተን ነበር የጠበቅናቸው።

አንድ ቀን ምንጩ አጠገብ ሰሌዳ ተክለው ሄዱ። አጥርቼ ማንበብ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ለመንደሩ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ከጥንት ጀምሮ ሰው ያልኖረበት ይህ ኮረብታ "የዝምታ ደን" እንዲሆን ተወስኗል፤ ከተማ ለሰለቻቸው ዜጎች ማረፊያ ጥድ ይተከልበታል፤ ፍርስራሾቹ ለጎብኚዎች ደኅንነት ሲባል ይነሣሉ ይላል። ፍርስራሾቹ የተባሉት እኛ የተወለድንባቸው ቤቶች ናቸው።

አውድማው ላይ ተሰበሰብን። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቡ ሻኪር ነበር። የሻኪር አባት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው በበኩር ልጁ ስም ይጠራል። አቡ ሻኪር ዕድሜውን ሙሉ አንድም የመንግሥት ሰው ፊቱን አይቶት አያውቅም፤ በዚህም ይኮራል። ሰሌዳውን ካስነበበኝ በኋላ ምንም አዲስ ነገር የለም አለ። መንግሥት ሲመጣ መግባት ነው፣ ሲሄድ መውጣት ነው፣ ጥዱንም ሲሄዱ እንነቅለዋለን አለ። ሕዝቡ እፎይ ብሎ ሊበተን ሲል ብግን አልኩ። ባለ ጺሞቹ ይፈልጉን ስለነበር ተደበቅን፤ እነዚህ ግን እንድንደበቅላቸው ነው የሚፈልጉት፤ ዛሬ ዋሻ መግባት እጅ አጨብጭቦ እነሱን መርዳት ነው፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰማችሁም ወይ ብዬ ጮህኩ። አቡ ሻኪር አባትሽ ቢኖር እንዲህ አይናገርም ነበር አለኝ። አባቴ ያን ጊዜ እንዲህ ቢናገር ኖሮ አንድ ልጅ ብቻ አይቀረውም ነበር አልኩት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ከተማ ወርጄ "አለን" እንድል ተወሰነ። ውሳኔው ሲነገር ብዙዎቹ ጸያፍ ቃል እንደሰሙ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

የባዶ ቦታዎች ሹም ቢሮ በከተማው ትልቁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ባዶ ቦታ ይህን ያህል ሠራተኛ የሚፈልግ አይመስለኝም ነበር። ሹሙ ቀጠን ያለ፣ ትሑት፣ ስሜን ሲሰማ ከወንበሩ የተነሣልኝ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ የአያቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከነሜዳዩ፣ ከነአህያው። ሻይ አዘዘልኝ። እኔም ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ ቤቱን፣ ዋሻውን፣ ወይራው በማን እጅ እንደተተከለ። ሳያቋርጥ ሰማኝና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

"እመቤት ዙህዲያ፣ አያትዎ ዋሽተዋል እያሉኝ ነው?"

"አዎ።"

"አባትዎም?"

"አባቴም፣ እኔም።"

"እንግዲያው የሦስት ትውልድ ውሸታም አሁን የሚነግረኝን በምን ልመን?"

አያቴ እውነተኛ ከሆነ መንደር የለም። አያቴ ውሸታም ከሆነ ደግሞ የውሸታም ዘር ምስክርነት ዋጋ ስለሌለው መንደር የለም። ሰውዬው እያፌዘብኝ አልነበረም፤ ከልቡ እያዘነልኝ ነበር፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ያየውን እንጂ የሰማውን እንዳያምን ለመንኩት። ይህ ቃል ደስ አለው። "መልካም፤ ባየሁት አምናለሁ። ማክሰኞ ራሴ እመጣለሁ። ሰው ካየሁ ሰሌዳው ይነሣል፤ ካላየሁ በማግስቱ ዶዘር ይገባል" አለኝና እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

እንግዲህ ቀሪው ሥራ ቀላል ነበር። መንደሩ ቆሞ እንዲታይ ብቻ ነው የሚፈለገው። ፍየል እንኳ ሳያስተምሩት የሚያውቀው ነገር ነው። ቢሆንም ልምምድ ያስፈልጋል አልኩና የዘይት መጭመቂያው ባለቤት ትራክተር ላይ ወጥቼ እንደ ሹሙ ከታች መጣሁ። መንደሩ ስደርስ አንድ ሰው አልነበረም። ተቆጣሁ፣ ሰበሰብኳቸው፣ ደገምን። አሁንም የሉም። አቡ ሻኪር ራሱ "ማንም እንዳይነቃነቅ" እያለ ሲያዝዝ ሰምቼዋለሁ፤ ስደርስ ግን ድምፁ ከመሬት በታች ነበር። ክፋት የላቸውም፤ እግራቸው ነው። ጣሪያ ላይ የምትቀመጠው ኡም ዘኪ፣ የዘኪ እናት፣ አቧራ ስታይ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ስለዚህ ቀይ ምንጣፎቿን ሁሉ ሰብስቤ ቆለፍኩባቸው። በመጨረሻው ልምምድ ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነውም ቢሆን ደጃፋቸው ላይ ቀሩ። በዚህ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ ከዚህ እወቁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መንደሩ እንደ ሰርግ ቤት ሆነ። ልብስ ታጥቦ በየገመዱ ተሰጥቷል፤ ዳቦ ከየመጋገሪያው ወጥቷል፤ ሁሉም አዲስ ልብሱን ለብሶ በየደጁ ቆሟል። የሹሙ መኪና ኩርባውን ዞረች። ቆሙ። ከምንጩ አለፈች። አሁንም ቆሙ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ያን ጊዜ ኡም ዘኪ ከጣሪያው ላይ ሻሿን ከራሷ አውልቃ አራገፈች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይላሉ። መኪናዋ ስትቆም ውጭ የቀረሁት እኔና አንዲት ዶሮ ነን።

ሹሙ አልቸኮለም። ቤት ለቤት ዞረ። ከገመዱ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ሸሚዝ ነካውና ነፋስ ከሌላ መንደር አምጥቶት ይሆናል አለ። ትኩሱን ዳቦ ቆርሶ ቀመሰና መንገደኞች እጃቸው መልካም ነው አለ። ዶሮዋን የዱር ዶሮ አላት። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ በየቤቱ ስም መጥራት ጀመርኩ። አቡ ሻኪር ውጣ አልኩ፤ ኡም ዘኪ ውጪ አልኩ፤ መሬቱን በእግሬ ደበደብኩ። ከሥር ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም። ከእግራችን በታች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እንደሚሰሙኝም አውቃለሁ።

"እመቤት ዙህዲያ፣ ይብቃ" አለኝ ሹሙ በለሆሳስ። "የአያትዎን ስም ለምን ያጎድፋሉ?"

ወደ መኪናው ሄደ። ሾፌሩ በሩን ከፈተለት። አንድ እግሩን ሲያስገባ ያ ሐኪም ታየኝ፤ በቅሎውን አዙሮ ሲሄድ፣ አባቴም ምንጩ አጠገብ ተገትሮ ሲያየው። አባቴ ያን ጊዜ ማለት ሲገባው ያላለው ቃል ነበረ። እኔም የምላት አንዲት ቃል ነበረችኝ፤ ግን የማትባል ቃል ናት። አልኳት።

"ሄዱ!"

ሹሙ ዞር ብሎ "ማን ሄደ?" አለኝ። ከመመለሴ በፊት ምድር ተከፈተች ማለት ይቻላል። ከየወለሉ፣ ከየጉድጓዱ፣ ከየቁጥቋጦው ሥር እየሳቁ፣ አቧራ እያራገፉ፣ ልጅ እያቀፉ ወጡ። አንዱ ፍየል ይጎትታል፣ አንዷ ያቋረጠችውን ወሬ ትቀጥላለች። ከዚያ የሹሙን ጥቁር መነጽር አዩ። ሁሉም በቆመበት ደረቀ። አቡ ሻኪር ከዋሻው አፍ ገና ራሱን ብቅ ሲያደርግ ሁኔታው ገባውና መልሶ ገባ። ከጥልቁ ግን ድምፁ ደረሰኝ።

"አንቺ ሄዱ አልሽን።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሹሙ ግን ደስ ብሎት መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ባየው ያምናልና አምኗል። ሰሌዳውን አስነቅሎ መኪናው ላይ አስጫነው። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። መሐረብ አቀበለኝና ነገሩን ሲያብራራልኝ ዕንባዬ ደረቀ። መንደሩን ከዳር እስከ ዳር ሲዞር በገዛ ዓይኑ ሰው አላየም፤ ስለዚህ እስከዚያች ደቂቃ ሰው አልነበረም። ከዚያ እኔ ስጠራ ሰው አየ፤ ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሰው አለ። በመሆኑም መንደሩ የተመሠረተው በዚሁ ማክሰኞ ረፋድ ነው፤ መሥራቹም እኔ ነኝ፤ ፈቃድ ደግሞ የለኝም። ልብስ የተሰጣበት ቤት ፍርስራሽ ሊባል ስለማይችል ሕገ ወጥ አዲስ ግንባታ ነው። ፍርስራሽ ተብለን መነሣት ቀረልንና ሕገ ወጥ ተብለን ልንነሣ ሆነ። እኔ ነገር ላበጅ ብዬ የአንገታችንን ገመድ ይብስ አሳጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ እኔን ማመን ተወ። ምንጩ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። አቡ ሻኪር ሰላምታዬን አይመልስም። መንግሥት መጥቶ ሲሄድ፣ እውነት ሲሄድ፣ "ሄዱ" ብዬ ብጣራ የሚወጣ የለም። መጀመሪያ ፍየል ይለቃሉ፤ ፍየሏን የያዘ ሰው ከሌለ ያን ጊዜ ተራ በተራ ይወጣሉ። ከእኔ ቃል የፍየል ቃል ታመነ።

ዶዘሩ መጣ። ሹሙም አብሮ መጣ፤ ምክንያቱም ሕጋቸው ማሽን አንድ ቦታ ከመግባቱ በፊት የቦታው መሐላ ያለበት ምስክር "ሰው የለም" ብሎ ማረጋገጥ አለበት ይላል። የዚህ ኮረብታ መሐላ ያለባት ምስክር ደግሞ በአያቴ ሜዳይ ምክንያት እኔው ነኝ። መንደሩ እንደ ልማዱ ከመሬት በታች ነው። ሹሙ በትሕትና ጠየቀኝ፤ "እመቤት ዙህዲያ፣ በዚህ ቦታ ሰው አለ?" "አሉ" አልኩ። አይታዩኝም አለ። ባየሁት አምናለሁ ብለው አልነበረም ወይ አልኩት። ለመመሥረት በዓይን ነው፣ ለማፍረስ በቃል ነው አለኝ። ዶዘሩ ቆሞ ዋለ። በማግስቱም ጠየቀኝ፤ አሉ አልኩ። ይህ በየጠዋቱ የምንሠራው ሥራ ሆነ። "የለም" ለማለት የተሾመ አፍ "አሉ" ሲል እንዴት እንደሚደክም አትጠይቁኝ። ከዋሻው አንድ ሰው ወጥቶ አጠገቤ ቢቆም ምን ነበረበት እያልኩ እበግናለሁ። ደግሞ እንዴት ብለው ይውጡ? የሚያወጣቸውን ቃል የገደልኩት እኔ ነኝ።

ክረምት ሲገባ ጉንፋን ያዘኝ። አንድ ጠዋት ሹሙ እንደ ወትሮው ከመኪናው ወርዶ እንደ ወትሮው ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ከነፋስ በቀር የወጣ ነገር የለም። እጄን አወናጨፍኩ፣ ወደ መሬት አመለከትኩ፣ ራሴን በአዎንታ እስኪዞርብኝ ነቀነቅኩ። ሹሙ ውሃ አቀረበልኝ፣ ጠጣሁ፣ ድምፄ አልመጣም። ሕጉ በቃል ነው የሚለው አለኝ እያዘነ፤ የምስክር ዝምታ ደግሞ በሕጉ "የለም" ማለት ነው። ለዶዘሩ ሾፌር ምልክት ሰጠ። ዶዘሩ ማረሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ መጀመሪያው ቤት ዞረ። ፊቱ ልቆም ሮጥኩ፤ ሁለት ጠባቂዎች "ይቅርታ እናታችን" እያሉ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር አወጡኝ። ከዚያ ቤት ወለል ሥር ያሉትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ልጮህ ሞከርኩ፤ ጉሮሮዬ ውስጥ የሚነድ ነገር እንጂ ድምፅ የለም።

የደጃፉ ንጣፍ ድንጋይ ተንቀሳቀሰ። አቡ ሻኪር ወጣ። የጠራው የለም። ብርሃኑን በመዳፉ ከልሎ ዶዘሩና ቤቱ መካከል ቆመ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በፀሐይ የመንግሥት ሰው ፊት መቆሙ ነበር።

"አለን" አለ።

ሹሙ መነጽሩን አስተካከለ። "እርስዎስ ማን ነዎት? በዚያ ማክሰኞ ከመጡት አንዱ ነዎት?"

አቡ ሻኪር አልመለሰለትም። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀን ወዲህ አነጋግሮኝ አያውቅም ነበር።

"ዙህዲያ ልጄ፣ ለመንግሥት እውነት ይነገራል እንዴ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩለት። ጥቂት አሰበና ወደ ሹሙ ዞረ።

"ጌታዬ፣ እኔ የተወለድኩት አሁን ከቆሙበት ሥር ነው። ያን ዕለት እንደ እርስዎ ያለ የመንግሥት ሰው መጥቶ እዚሁ ቆሞ ነበር። እናቴ ድምፅ እንዳታሰማ ጨርቅ ነክሳ ነው ያማጠችኝ። እሷ ዝም አለች። እኔ ጨቅላ ነኝ፣ ሕጉን አላውቅ፣ አለቀስኩ። ሰውዬው 'ምንድን ነው የሚጮኸው?' ቢል የዚህች ልጅ አያት 'ውርንጭላ ነው ጌታዬ' አለው። እሺ አለና ሰው የለም ብሎ ጻፈ። መቼ መጣህ ነው የሚሉኝ? እኔ ቀን አልቆጥርም፣ እናንተ ትቆጥራላችሁ። የለም ብላችሁ የጻፋችሁበትን ቀን ፈልጉ፤ እኔ የተወለድኩት ያን ዕለት ነው።"

ሹሙ ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ማንም ሳያዝዘው የዶዘሩ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ።